ስለት የመሰላቸው ፍርሃቴ

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ዓመት ነገር ግን አልረሳሁትም። በዕድሜዬ ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ ያፈርኩት በዚያ ዓመት ብቻ ስለሆነ ነው።

አገሬ ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ደጋ። ስሜ መኳንንት ነው፤ ያገሬ ሰው አያ መኳንንት ይለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ነገሩ እውነት ነው።

ፈረስ ላይ የወጣሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ሙሉ ለገበያም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም በፈረስ ነው የሄድኩት። ድንገት በእግሬ ስሄድ ያየኝ ሰው «ምነው በእግርህ?» አይለኝም፤ «ፈረሱ ታመመ እንዴ?» ነው የሚለኝ። ፈረሴ መልኩ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ስለሆነ ስሙም ዳማ ነው። ጠባዩ ሸጋ ነው። አይነክስም፣ አይራገጥም፣ መንገድ ያውቃል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ማለፍ ነውር ነው። ይወርዱና ይሳለማሉ፤ አጥሩን እስኪያልፉ ድረስ ፈረሱን እየሳቡ በእግር ይሄዳሉ፤ ከዚያ መልሰው ይቀመጣሉ። ከቤቴ እስከ ገበያው ድረስ ሦስት ታቦት አለ። መጀመሪያ የእኛው ማርያም፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ሚካኤል፣ ከተማው መግቢያ ላይ ጊዮርጊስ። እንግዲህ ገበያ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ በየታቦቱ ደግሞ ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ፈረስ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ሲመለስም እንደዚያው።

የወደቅኩት በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ነው። ሙሉ የምትባለው ልጄ ጎንደር ማራኪ ነው የምትኖር፤ ከአራዳ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝታ ልካልኝ ነበር። ከሰው ፊት ላሳያት ብዬ ተጫምቼ ወጣሁ። እርካቤ ግን የአባቴ ነው፤ ለባዶ እግር የተሠራ፣ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት። ሙሉ እግር የሚያስገባ እርካብ ግዛ ሲሉኝ እንቢ ያልኩ ሰው ነኝ። ከቤት ስነሳ ድንጋይ ላይ ቆሜ ስለወጣሁ ችግር አልነበረም። በማርያምም የአጥሩን እርከን ረግጬ ወጣሁ። ሚካኤል ስደርስ ወረድኩ፣ ተሳለምኩ፣ አጥሩን አለፍኩ። እዚያ ሜዳ ነው፤ ድንጋይ የለም። የጫማውን አፍንጫ በእርካቡ ሰንቅሬ ሰውነቴን አነሳሁ።

በዚያው ቅጽበት አንድ አይሱዙ ከኋላችን ጥሩምባውን ነፋ። ዳማ ደነገጠ። እኔ ገና አልተቀመጥኩም፤ አንዱ እግሬ አየር ላይ፣ ሌላው እርካቡ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ወደቅኩ፤ ጫማው ግን ከቀለበቱ አልወጣ አለ። ሃያ እርምጃ ያህል ጎተተኝ። ጫማው ከእግሬ ሲወልቅ ነው የተረፍኩት። የገበያ መንገደኛ ሁሉ አየኝ።

ትከሻዬ ወልቆ ነበር፤ እሱን ወጌሻ እዚያው መለሰው። ሁለት የጎድን አጥንቴ መሰበሩን ያወቅነው ግን ጎንደር ወስደው ራጅ ሲያነሱኝ ነው። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። «አባባ፣ ከእንግዲህ ፈረስ ይቅርብዎት» አለኝ። «አንተም ማኪና ይቅርብህ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ መልስ አጥቼ አላውቅማ።

ልጄ ቤት ከሁለት ወር በላይ ተኛሁ። ማራኪ ሲሉት ስሙ ያምራል፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሚኒባስ ረዳት የሚጮህበት ቦታ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጬ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች አያለሁ። ለጠያቂው ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ነው፤ አገሬ የገባሁ ዕለት ፈረሴ ላይ ተቀምጬ ነው ቤቴ የምደርስ እያልኩ። ልጄ ትቆጣለች፤ እኔ እብስባታለሁ። ሳወራው እውነት ይመስለኝ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዳንኩና በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ዳማን ኮርቻ ጭና፣ እየሳበች መጥታ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዳማ ሽታዬን ሲያውቅ አፍንጫውን ደረቴ ላይ አደረገ። እኔም አንገቱን አሻሸሁት። ከዚያ ግራ እጄን ኮርቻው ላይ ጣልኩ። ጫማ የለኝም፤ ባዶ እግሬን ነኝ። አውራ ጣቴን ከእርካቡ አስገባሁ።

እግሬ ከመሬት አልነሳም አለ። ጎድኔ የተሰበረበት ቦታ አንድ ነገር የያዘኝ መሰለኝ። ዳማ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ጣቴን ከእርካቡ አወጣሁና «ፈረሱ ደክሟል፤ ትንሽ በእግር እንሂድ» አልኳት። ጥሩነሽ ልጓሙን አቀበለችኝና ፊት ፊት ሄደች።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚገኘው ጊዮርጊስ ነው። ታቦቱን ልለፍና እቀመጣለሁ አልኩ። ታቦቱን አለፍን፤ ትንሽ ልሂድ አልኩ። ትንሽ ስንሄድ ደግሞ ሚካኤል ሊደርስ ነው፣ ወጥቶ ወዲያው ከመውረድ አልኩ። ከሚካኤል በኋላ ማርያም ቀረበች። እንዲህ እያልኩ ዳማን ስቤ ቤቴ ገባሁ። ባዶ ኮርቻ ይዤ ቤቴ የገባሁበት የመጀመሪያዬ ቀን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳማን ገብስ ጭኜ እየሳብኩ ወጣሁ። የተጫነ ፈረስ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ሰበቡ በቂ ነው። ሲመለስ ግን ጭነት የለውም። ሚካኤል ስደርስ አያ ቢራራን አገኘሁት። ቢራራ እኩያዬ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ስንቀላለድ የኖርን ሰዎች ነን።

«ምነው፣ ፈረሱ ታመመ?» አለኝ።

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ትስበዋለህ?»

መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ያጣሁት። በአገጬ ወደ ሚካኤል አመለከትኩ። ታቦት ላይ ስለደረስኩ ነው የወረድኩት ማለቴ ነበር። ቢራራ ግን ቤተ ክርስቲያኑን አየ፣ እኔ የተጎተትኩበትን ሜዳ አየ፣ ቆቡን አወለቀ። «ገባኝ። ከዚህ ቦታ በሕይወት ያነሳህ እሱ ነው። ስለትህን ይቀበልህ» አለኝና አማትቦ ሄደ።

እኔ ስለት ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ዝም ብዬ ዳማን ሳብኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። አያ መኳንንት ለሚካኤል ተስሎ ዕድሜ ልኩን ላይቀመጥ ፈረሱን ለክብሩ እየሳበ ሊሄድ ነው ተባለ። ዕድሜ ልክ የሚለውን ማን እንደጨመረው እስካሁን አላውቅም። ጥሩነሽ ማታ ጠየቀችኝ፤ ስለት ተስለህ ሳትነግረኝ አለችኝ። ስለት ይነገራል እንዴ አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምን ልበላችሁ። ስድሳ ዓመት ፈረስ ላይ ስቀመጥ ያላከበረኝ ሰው ፈረስ ስስብ አከበረኝ። ማኅበር ስንጠጣ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡኝ። መንገድ ላይ ሴቶች ጉልበቴን ይስማሉ። አንድ ዲያቆን ስለ እኔ ትሕትና ለተማሪዎቹ ነገራቸው ተባለ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ሄጄ ሁለት ሰዓት ስመለስ ጉልበቴ አብጦ በሞቀ ውሃ እየታጠብኩ ነው የማድር። እውነተኛ ስለት ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባላመመኝ እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ሲመሽ ግን አልስቅም።

አንድ ቀን ልጄ ሲሳይ መጣ። ሲሳይ ገበሬ ነው፤ ከእኛ ራቅ ብሎ ጎጆ ወጥቷል። «አባባ፣ እንግዲህ እርስዎ ላይቀመጡ ፈረሱ ቀለብ እየበላ ምን ይሠራል? አዘዞ የጋሪ ሰው አውቃለሁ። ለፋሲካ ይውሰደው» አለኝ። አዘዞ ያሉትን የጋሪ ፈረሶች ጎንደር ሳለሁ አይቻቸዋለሁ። ዓይናቸው በቆዳ ተጋርዶ፣ ጀርባቸው ተልጦ ባጃጅ መሃል ቆመው ያንቀላፋሉ። ዳማ እንደዚያ ሆኖ ታየኝ።

አይሆንም እንዳልል ምን ብዬ? ዕድሜ ልኩን ላይቀመጥ የተሳለ ሰው ፈረስ ምን ያደርግለታል? እቀመጣለሁ እንዳልል ስለት ማፍረስ ነው። ፈራሁ እንዳልል… እሱን ለራሴም ብዬው አላውቅም። «አስብበታለሁ» አልኩት። ዳማን ከቤቴ የሚያስወጣው ውድቀቱ አልነበረም፤ ዝምታዬ ነበር።

ሆኖም አላሰብኩበትም። ያሳሰበችኝ እታለም ናት። እታለም ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ጎንደር ለቀዶ ሕክምና ተኝቶ ነበር። ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ማርያም ደጃፍ ጠብቃ አገኘችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ጧፍ ፈትታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «አያ መኳንንት፣ እኔን አይሰማኝም። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ይህን መከራ ለሚካኤል የሚከፍሉ ሰው ነዎት። በስለትዎ ባሌን ያስቡልኝ» አለችኝ።

ጧፉን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ልመልስላት? እጄ ላይ ሲያርፍ ግን ክብደቱ የገብስ ጆንያ ሆነብኝ። ሴትዮዋ ባሏን በእኔ ፍርሃት ላይ አንጠልጥላ ሄደች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዳማ ሁለት ጊዜ ልጓሙን ሳበኝ፤ እንሂድ ነው የሚለኝ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ቄስ አየነው ዕድሜያቸው ከልጄ ከሲሳይ ብዙ አይበልጥም። ሲወለዱ ጠበል ጸዲቃቸውን የበላሁ ሰው ነኝ። ለእሳቸው መናዘዝ ቀላል አልነበረም። አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጧፉን መሃላችን አስቀመጥኩት። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ስለት ነው ብለዋል?» አሉኝ።

«አላልኩም።»

«አይደለም ብለዋል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ ብለዋል።»

ጧፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት።

«ምኑን ነው የፈሩት? መውደቁን?»

አሰብኩ። ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። «መውደቁን አይደለም። ከወደቅኩ በኋላማ አልፈራሁም፤ ተናደድኩ እንጂ። የምፈራው እግሬን ከመሬት የማነሳባትን ጊዜ ነው። ከላይም ከታችም ያልሆንኩባትን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መቶ ስግደት፣ አርባ ስግደት እያልኩ በልቤ ቀኖናዬን እየገመትኩ ነው።

«እንግዲያው ቀኖናዎ ይህ ነው» አሉኝ። «የፊታችን ቅዳሜ ገበያ በፈረስ ይሄዳሉ። በሦስቱም ታቦት ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፤ በሦስቱም ከሰው ፊት መልሰው ይቀመጣሉ። የጠየቀዎት ሰው ካለ እውነቱን ይነግሩታል።»

«አባ፣ ስግደት ይሻለኛል።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያላዘዝኩዎት።»

«ብወድቅስ?»

«ፍትሐቱ በእኔ» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። ጧፉን አንስተው የእታለምን ባል ክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ረቡዕ ቅዳሴ ላይ በስሙ አበሩት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ያለውን ቀን አላወራላችሁም። እህል አልቀመስኩም ማለት ይቀላል፤ ጾም ስለሆነ ደግሞ ማንም አላወቀብኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳማን ኮርቻ ብቻ ጫንኩት፤ ገብስ የለ፣ ሰበብ የለ። ጥሩነሽ ወጥታ ልጓሙን ያዘችልኝ።

«ስለቱ አለቀ?» አለችኝ።

«ስለት አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ዳማ ደክሟል ስትለኝ። ባዶውን እየሳብኩ ያመጣሁት እኔ፤ ምን ያደክመዋል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰው ሲያከብርህ ደስ ብሎኝ ነበራ» አለች።

ከዚህ በኋላ ቆሞ መቅረት አይቻልም። ጣቴን እርካቡ ውስጥ አስገባሁ። ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ወጣሁ። ኮርቻው ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ ጥሩነሽ የልጃገረድ ያህል አነሰችብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከላይ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል ረስቼው ኖሯል። ዳማ ሳላዘው ተነሳ።

ማርያም ላይ ወረድኩ፤ ሰው ብዙ አልነበረም። የአጥሩን እርከን ረግጬ ወጣሁ። ሁለት ሴቶች ቆመው አዩኝ፤ ሳይጠይቁኝ ሄዱ። እነሱ ካልጠየቁኝ እኔ ምን አገባኝ ብዬ አለፍኩ። በኋላ ሳስበው ይህም ልክ አልነበረም።

ሚካኤል ስደርስ ግን የገበያው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ሽንኩርት የጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ፣ ጥላ የያዘ፣ ሁሉም ለመሳለም ቆሟል። ቢራራም አለ። በፈረስ ስመጣ ሲያዩኝ ወሬ ቆመ። ወረድኩ፣ ተሳለምኩ፣ ዳማን ስቤ አጥሩን አለፍኩ። ያ ሜዳ ነው። ድንጋይ የለም፤ እርከን የለም። የተጎተትኩበት ሣር እንደገና በቅሏል።

ቢራራ ተከትሎኝ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ታቦት ይቆጣል። ዕድሜ ልክ ብለህ አልነበር?» አለኝ። ሌላውም ተጠጋ።

«እኔ አላልኩም። እናንተ ናችሁ ያላችሁት» አልኩ። እንደዚህ ማለቴ ደግሞ ሌላ ሽሽት መሆኑን አፌ ላይ እያለ አወቅኩት። ስለዚህ ጨመርኩበት። «ስለት አልነበረም። ፈረስ መውጣት ፈርቼ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየታቦቱ ያሳበብኩ ፈርቼ ነው።»

ቢራራ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔ ዞር ብዬ ጣቴን እርካቡ ውስጥ አስገባሁና ሰውነቴን አነሳሁ። እግሬ መሬቱን ለቀቀ፤ ከዚያ መልሶ ረገጠ። አልሆነም።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዜር ይስጠው። ቢራራ ደግሞ ሳቁን አነሳለትና «ቆብ አውልቄልሃለሁ እኮ። በዚያ ብርድ» አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ከስድሳ ዓመት ልምድ በላይ ጠቀመኝ። ጆሮዬ ጋለ፤ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ መፍራት አልችልበትም። የዳማን ጋማ ይዤ ጣቴን ቀለበቱ ውስጥ አጥብቄ ተነሳሁ። ከላይም ከታችም ያልሆንኩባት ያቺ ጊዜ መጣች፤ ረጅም ነበረች፤ አለፈች። ተቀመጥኩ።

ከላይ ሆኜ ቢራራን አየሁት። «ቆብህን መልሰው፤ ራሰ በራህን ብርድ ይመታዋል» አልኩት። አሁን እሱ ላይ ሳቁ። ነገሩ እኩል ሆነ።

ጊዮርጊስ ላይ እንዴት እንደወረድኩና እንደወጣሁ አላስታውስም። እንዲህ ብዬ የምጽፈው ደስ ብሎኝ ነው፤ የማያስታውሱት ነገር ቀላል የሆነ ነገር ነውና።

ገበያ ውስጥ እታለምን ፈልጌ አገኘኋት። እሷን ሌላ ሰው ሳይነግራት መንገር ነበረብኝ። ከነጭ ሽንኩርቷ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ስለት እንዳልነበረ ነገርኳት። የሽንኩርቱን ጭንቅላት እየለየች ሰማችኝ።

«ጧፌንስ?» አለችኝ።

«ቄስ አየነው ረቡዕ ቅዳሴ ላይ አብርተውታል። በባልሽ ስም፤ በእኔ ስም አይደለም።»

«እንግዲያ ሸጋ» አለች። ወዲያው ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ተቀይማኛለች፤ ትክክል ናት። ባሏ ከፋሲካ በኋላ ምርኩዝ ይዞ በእግሩ ገባ። ያዳነው ሐኪምና አምላክ ነው፤ እኔ የለሁበትም። እሷም የተመለሰችልኝ ቀስ በቀስ ነው።

ያን ቀን ማታ ሲሳይ ሰምቶ መጣ። ለአዘዞው ሰውዬ ምን ልበለው አለኝ። ሌላ ፈረስ ይፈልግ በለው አልኩት። አልተከራከረኝም። ከተከራከረኝማ ስለ እሱም የማወራው ነገር ነበረኝ።

አሁን ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ዳማም እኔም ሸምግለናል፤ እሱ ቀስ ይላል፣ እኔም አላጣድፈውም። ፍርሃቱ ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም። እግሬ ከመሬት ሲነሳ አሁንም ሹክ ይለኛል። እኔም እሰማውና እወጣለሁ። በመፍራቴ አላፍርም፤ ሃያ እርምጃ የተጎተተ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል። የማፍረው በፍርሃቴ ስመሰገን ዝም በማለቴ ነው። ማኅበር ላይ አሁን የምቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ወሬው የሚሞቀውም እዚያ ነው። ቢራራም የቆቡን ነገር እስከ ዛሬ አልተወኝም።

የዚያን ሰሞን ነገር ሲጠይቁኝ ሰዎች የሚሹት የሚካኤሉን ሜዳ ነው። እኔ ግን ልቤ የሚረካው በነጋታው ባለው ነው። ቅዳሜ የወጣሁት ታዝዤ ነው፤ ቀኖና ነው፣ ሰው ያያል፣ መሸሻ የለም። እሑድ ጠዋት ቀኖናዬ አልቋል፤ ማንም ከእኔ ምንም አይጠብቅም። ሰውነቴ ተቀጥቅጧል። ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁና ዳማን ጫንኩት። ጥሩነሽ ልጓሙን ልትይዝ ስትመጣ ተይው አልኳት። ድንጋዩንም ተውኩት፤ ከደልዳላው መሬት ተነስቼ ኮርቻው ላይ ወጣሁ።

ለቅዳሴ ነው የምሄደው። ማርያም ደግሞ ከደጄ ሆኜ የካህኑ ዜማ የሚሰማኝ ያህል ቅርብ ናት፤ በፈረስ ለመሄድ የሚበቃ ርቀት አይደለም። ስለዚህ ወደ ላይ ዞርኩና ከቤቴ በላይ ያለውን ተራራ ዞሬ በረጅሙ መንገድ ሄድኩ።